«አዋጅ ቁጥር 1/1987» የትኛው ነው? ስለ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግና ስለ «የተሳሰረ መረጃ» የቀረበ ሂስ

ናይሮቢ ውስጥ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ይገኛል። የሕግ ትምህርት ቤት ያለ ቤተ መጻሕፍት አይታሰብም። የሕግ ጽሑፍ ከሌላው ጽሑፍ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለውና፤ ይኸውም ብቻውን የማይነበብ መሆኑ ነው። አንዱ አዋጅ ሌላውን ይሽራል፣ ያሻሽላል ወይም ይጠቅሳል፤ ፍርዱ ሕጉን ይጠራል፤ የኋለኛው ፍርድ የፊተኛውን ይከተላል ወይም ይነቅፋል። ስለዚህ ለሕግ ተማሪ ካታሎጉ የመጽሐፉን መደርደሪያ ቢያሳየው ብቻ አይበቃውም። ይህ ጽሑፍ ከየትኛው ጽሑፍ ጋር፣ በምን ዓይነት ግንኙነት የተያያዘ መሆኑን ጭምር ሊነግረው ይገባል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች «የተሳሰረ መረጃ» እና «ሴማንቲክ ዌብ» እያሉ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ከዚሁ ፍላጎት የተነሣ ነው። ጉዳዩ ሲነሣ የምንሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውዳሴውን ነው። እኛ መምህራን ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ፣ ምን ይሠራል? ምን ይጎድለዋል? ሸክሙስ በማን ላይ ይወድቃል? ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስታውሱልን አደራ እንላለን፤ የዘመን አቆጣጠር ነገር ወደ ኋላ ላይ ራሱ ዋና ጉዳያችን ይሆናልና።

ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሲለወጥ

የኬንያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ በአገሪቱ ሕጎች ዝርዝር ውስጥ «ምዕራፍ 63» ተብሎ ይጠቀሳል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 204 ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ የሆነ ሰው በሞት እንዲቀጣ ያዛል፤ አነጋገሩም ለዳኛው ምርጫ የማይተው ነው። ይሁን እንጂ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2017 የሙሩአቴቱ ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው መዝገብ፣ የሞት ቅጣቱ አስገዳጅ መሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል ወሰነ።

ከዚያ ቀን በፊት የታተመው መጽሐፍ ዛሬም በመደርደሪያው ላይ ሊኖር ይችላል። የታተመው ቃል አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ በፍርድ ቤት የሚሠራበት አኳኋን ግን ተለውጧል። የመጽሐፉ የካታሎግ ካርድ ርእሱን፣ አሳታሚውን፣ የታተመበትን ዓመትና የገጹን ብዛት በትክክል ይናገራል። አንባቢው ሊያውቀው የሚገባውን ትልቁን ነገር፣ ማለትም ከፍርዱ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ አይናገርም። ጉዳዩ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት በመሆኑ ይህን ተራ የመዝገብ ጉድለት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ

የካታሎግ ካርድ የተዘጋጀው ለሰው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሄንሪየት አቭራም የተባሉት ባለሙያ በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ማርክ» የተባለውን ሥርዓት ሲዘረጉ፣ በካርዱ ላይ የነበረው መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የካርዱ ጠባይ በብዙው እንዳለ ቀረ፤ ይኸውም እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው የቆመ ሆኖ፣ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው በአብዛኛው የስምና የርእስ አጻጻፍ መመሳሰል ብቻ ነበር።

ቲም በርነርስ ሊ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የሴማንቲክ ዌብን ሐሳብ ለሰፊው አንባቢ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ለተሳሰረ መረጃ አራት ደንቦችን ጻፉ። በአጭሩ፦ ለእያንዳንዱ ነገር መለያ ስም ይሰጠው፤ ስሙም በኢንተርኔት የሚደረስበት አድራሻ ይሁን፤ አድራሻውን የተከተለ ሰው ስለ ነገሩ ጠቃሚ መረጃ ያግኝ፤ መረጃውም ወደ ሌሎች ነገሮች አድራሻ ያመልክት የሚሉ ናቸው።

መረጃው የሚጻፍበት መልክ «አር ዲ ኤፍ» ይባላል። ይህ ስም ባዕድ ቢመስልም ነገሩ ለሰዋስው መምህር አዲስ አይደለም። እያንዳንዱ መረጃ ሦስት ክፍል ያለው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ። «የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሻረ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ ባለቤት፣ ሁለተኛው ተሳቢ፣ «ሻረ» የሚለውም ማሰሪያ ነው። በአሮጌው ካታሎግ ሁለቱ ሕጎች በሁለት ካርድ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ባለቤቱም ተሳቢውም ማሰሪያውም እያንዳንዳቸው ቋሚ መለያ ስለሚኖራቸው፣ ኮምፒዩተሩ «ይህን ሕግ የሻረው የትኛው ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ሊያወጣ ይችላል።

ይህ የወሬ ነገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ማርክን የሚተካ «ቢብፍሬም» የተባለ ሥርዓት ማዘጋጀት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱን የጋራ ካታሎግ ወደ ተሳሰረ መረጃ አዛውሯል።

ከናይሮቢ የወጣ ሥራ

በዚህ ረገድ አፍሪካ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። ናይሮቢ ላይ ጽሕፈት ቤት የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ፓርላማዎች ፕሮጀክት «አኮማ ንቶሶ» የተባለውን የሕግና የፓርላማ ሰነዶች አጻጻፍ ሥርዓት አስዘጋጅቷል። ዋናዎቹ ነዳፊዎች የኢጣልያው የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ፋቢዮ ቪታሊና ሞኒካ ፓልሚራኒ ናቸው። ስያሜው በጋና ከሚነገረው ከአካን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን የተያያዙ ልቦች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

አኮማ ንቶሶ ራሱ ሴማንቲክ ዌብ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መሠረቱን ይጥላል። ለእያንዳንዱ ሕግ ከአገሩ ምልክት፣ ከሰነዱ ዓይነት፣ ከዓመቱና ከቁጥሩ የተሠራ መለያ ይሰጠዋል። በዚያው መለያ ላይ ቋንቋውና ቀኑ ሊጨመሩበት ስለሚችሉ፣ «ሕጉ በዚያ ቀን ምን ይል ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ያመቻል። አንድ ሰው ሊዳኝ የሚገባው ድርጊቱን በፈጸመበት ቀን በነበረው ሕግ በመሆኑ፣ ለሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የኬንያ የሕግ ሪፖርት ብሔራዊ ምክር ቤት በድረ ገጹ ላይ ለሕጎችና ለፍርዶች የሚሰጣቸው አድራሻዎች ዛሬ በዚሁ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ የፓርክላንድስ ተማሪ የአገሩን ሕግ ሲፈልግ የሚከተለው አድራሻ በከፊል በዚያችው ከተማ የተወለደ ነው።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሕገ መንግሥት

ይኸው ተማሪ የኬንያን የእ.ኤ.አ. 2010 ሕገ መንግሥት ከኢትዮጵያው ጋር ሊያወዳድር ተነሣ እንበል። በአማርኛ መጽሐፍ «አዋጅ ቁጥር 1/1987» ተብሎ ሲጠቀስ ያገኛል። በእንግሊዝኛ መጽሐፍም አዋጅ ቁጥር 1/1987 ተብሎ ሲጠቀስ ያገኛል። ቁጥሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ሁለቱም ሕገ መንግሥት ናቸው። ነገር ግን አንድ ሰነድ አይደሉም።

በአማርኛ የተጠቀሰው በነሐሴ ወር 1987 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው፤ በእንግሊዝኛ አጠቃቀሱ 1/1995 ይባላል። በእንግሊዝኛ 1/1987 የተባለው ግን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር 1/1980 መሆኑ ነው። ይህኛው ዘመኑ በ1983 አብቅቷል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ የአዋጅ ቁጥር እንደገና ከአንድ ሲጀምር ኖሯል። ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1934ቱ አዋጅ ቁጥር 1 ነበር። ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥትን ያቋቋመው የ1967ቱም አዋጅ ቁጥር 1 ነበር። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱም እንደዚሁ። እንግዲህ ቁጥሩ ያለ ዓመቱ ዋጋ የለውም፤ ዓመቱም ያለ ዘመን አቆጣጠሩ ያሳስታል።

አኮማ ንቶሶን የመሰሉ ሥርዓቶች ቀንንና ዓመትን የሚመዘግቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ የማያውቅ ወይም የቸኮለ ጸሐፊ የአማርኛውን 1987 እንዳለ ቢያስገባ፣ በሥራ ላይ ላለው ሕገ መንግሥት ያለፈውን ሕገ መንግሥት ስም ሰጠው ማለት ነው። ኮምፒዩተሩም ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መለያ የሚያመለክተው ሁሉ፣ ፍርዱም፣ የመማሪያ መጽሐፉም፣ የተማሪው ጥናትም፣ ከስሕተቱ ጋር ይተሳሰራል።

የምንነቅፋቸው ነገሮች

ከዚህ ተነሥተን የመጀመሪያውን ነቀፌታችንን እንሰነዝራለን። «ሴማንቲክ» የሚለው ቃል ስለ ትርጉም የሚናገር በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ማሽኑ የመጽሐፉን ትርጉም የሚረዳ ይመስለዋል። ማሽኑ ሰው ያሰረለትን ማሰሪያ ይከተላል እንጂ ትርጉም አይረዳም። «ሻረ» ብሎ የወሰነው ሕጉን ያነበበ ሰው ነው። የሙሩአቴቱን ፍርድ ከአንቀጽ 204 ጋር የሚያገናኘውም ፍርዱን አንብቦ፣ የተነካው የቅጣቱ አስገዳጅነት እንጂ የሞት ቅጣት በጠቅላላው አለመሆኑን የተረዳ ሰው ሊሆን ይገባል። ያንን ሳይለይ «ሻረ» ብሎ ቢያስረው ሐሰት ይሆናል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ አንድነት ማሰሪያ ነው። በተሳሰረ መረጃ ውስጥ «ይህ መለያና ያ መለያ የአንድ ነገር ናቸው» የሚል ማሰሪያ አለ። ጠቃሚነቱን አንክድም። ነገር ግን በስሕተት ሲታሰር ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የአንዱ መጽሐፍ ለሌላው ይሰጣል። በአሮጌው ካታሎግ የተሳሳተ ካርድ የሚያሳስተው አንድን ቤተ መጻሕፍት ነበር። በአዲሱ ግን ስሕተቱ ማሰሪያውን በሚቀበሉት ካታሎጎች ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ያልተሳሰረ መረጃ ቢያስቸግር፣ በሐሰት የተሳሰረ መረጃ ደግሞ ያስታል።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋነኛው ነቀፌታ ስለ ስም ሰጪው ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 ናይሮቢ ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ሲሰበስብና ሲመዘግብ ኖሯል። ለዚህ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በካታሎጎቹ ውስጥ የደራስያን ስሞች ለረጅም ዘመን ሲጻፉ የኖሩት በላቲን ፊደል፣ በምሁራን የአጻጻፍ ስልት ነው። ያ አጻጻፍ ብዙውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ስሙን በእንግሊዝኛ ከሚጽፍበት የተለየ ነው።

ከአማርኛ ክፍላችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጸጋዬን ስም አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ይጽፈዋል። የአባታቸውን ስም አንዱ «ገብረ መድኅን» ብሎ ሲለያይ ሌላው ያጋጥመዋል፤ መካከሉ ላይ ያለውንም ፊደል በ«ኅ»፣ በ«ሕ» ወይም በ«ህ» ይጽፉታል። ይህን ብቻ ብናባዛው 2 በ3 በ2፣ 12 አጻጻፍ ይሆናል። ድምፁ ግን አንድ ነው። ለኮምፒዩተር 12ቱ አሥራ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። በላቲን የሚጻፉት ሲጨመሩበት ቁጥሩ ይበዛል። በዚህ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም የሚመስለው መዝጋቢ ስሙን ገልብጦ በ«ገብረ መድኅን» ሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በአንድ ስም ሥር፣ «ሀሁ በስድስት ወር» በሌላ ስም ሥር ሊገኝ ይችላል። «ኦቴሎ» ደግሞ ተራ ካታሎግ ውስጥ የጸጋዬ ድርሰት ሊመስል ይችላል። ትክክለኛው ማሰሪያ ግን «ተረጎመ» እንጂ «ደረሰ» አይደለም።

የተሳሰረ መረጃ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አለው፤ 12ቱንም አጻጻፍ በአንድ መለያ ሥር መሰብሰብ ይችላል። ግን 12ቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማን ይነግረዋል? በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውና በግእዝ ስም «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ለግእዝ ድርሰቶች፣ ለብራና መጻሕፍትና ለሰዎች ስም ቋሚ መለያ እየሰጠ ያሳስራል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መንገድ የጠረጉት እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት በማንበብና በመመዝገብ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ማሰሪያው የሚጸናው እንዲህ ያለ ንባብ ሲቀድመው ነው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። በካታሎጉ ጉዳይ ግን ስማችን ከጎረቤት እየወጣ እኛ ስንከተል ቆይተናል።

አራተኛው ነቀፌታ ስለ ቋሚነት ነው። መለያው «ቋሚ» ይባላል እንጂ የሚቆመው የሚጠብቀው ተቋም እስካለ ድረስ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የተዘረጋ ሥራ ገንዘቡ ሲያልቅ ሊዘጋ ይችላል፤ አድራሻውም ከዚያ በኋላ ወደ ባዶ ቤት ያመለክታል። ስለዚህ መለያ የመስጠት ሥራ በቋሚ በጀት የሚተዳደር የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሥራ እንጂ የጊዜያዊ ፕሮጀክት ሥራ ሊሆን አይገባም እንላለን።

የመምህራን ድርሻ

ይህ ሁሉ ለባለሙያዎች የሚተው ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ጸጋዬ የትኞቹን ተውኔቶች እንደ ደረሱና የትኞቹን እንደ ተረጎሙ የሚያውቀው የአማርኛ መምህር ነው። የ1980ውን ሕገ መንግሥት ከ1987ቱ የሚለየውም የታሪክና የሥነ ዜጋ መምህር ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ባይኖረው እንኳ ዛሬውኑ በአንድ ወፍራም ደብተር ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ የስም መዝገብ ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ገጽ ይሰጥ፤ በራስጌው የተመረጠው አጻጻፍ፣ ከሥሩ በልዩ ልዩ መጻሕፍት ላይ የተገኙት ሌሎች አጻጻፎች ሁሉ፣ በላቲን ፊደል የተጻፉትም ጭምር፣ ይመዝገቡ። ስም አይገልበጥ፤ የሰውየው ስም በፊት፣ የአባቱ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዓመት ሲጻፍ አቆጣጠሩ አብሮ ይጻፍ። ከተቻለ ሁለቱም ይጻፉ። የኢትዮጵያ አንድ ዓመት በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ስለሚወድቅ፣ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመታት ማስቀመጥ ይገባል እንጂ በግምት አንዱን መምረጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ማሰሪያው ይገለጽ። «ደረሰ»፣ «ተረጎመ»፣ «አዘጋጀ»፣ «አሻሻለ»፣ «ሻረ» የሚሉት ግሦች የተለያዩ ናቸው። ሁሉንም በደፈናው «በእገሌ» ብሎ ማለፍ የካታሎግ ስንፍና ነው።

አራተኛ፣ ያጠራጠረ አይታሰር። ሁለት ተመሳሳይ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ካልተረጋገጠ በሁለት ገጽ ይቆዩ። የተለያየውን ኋላ መግጠም ይቻላል፤ ተደባልቆ የገባውን ግን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ይህ ሥራ ለተማሪዎችም መልካም ልምምድ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 10 መጻሕፍት ይዞ ስለ እያንዳንዳቸው ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ ያላቸው አምስት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ቢጽፍ፣ ሰዋስውንም የመረጃ አያያዝንም በአንድ ጊዜ ይማራል። ነገ ብሔራዊው ካታሎግ በዚህ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ደብተሩ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

በጠቅላላው ስንመዝነው የተሳሰረ መረጃ ከአሮጌው ካርድ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ሊደገፍም ይገባል። የምንቃወመው መሣሪያው የሰውን ንባብ ይተካል የሚለውን አስተሳሰብ፣ እንዲሁም የስማችንን፣ የዘመናችንንና የሕጋችንን መለያ ሌላ ሰው እስኪያወጣልን ድረስ እጅ አጣጥፎ መጠበቅን ነው። የአማርኛው 1/1987 በፈረንጅ አቆጣጠር 1/1995 መሆኑን መዝግቦ ማሰር የእኛ ሥራ ነው። ይህን ያላደረግን እንደ ሆነ ተማሪው፣ ናይሮቢም ይሁን ባሕር ዳር፣ ያለፈውን ሕገ መንግሥት የዛሬው ነው ብሎ ቢጠቅስ ልንወቅሰው አንችልም።